ያድጋል ያሉት ፀጉር

ላምባ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ራሴን ይበላኛል። ባለፈው መብራት ጠፍቶ ፋኖስ ስሞላ እጄ ላይ ፈሰሰብኝና፣ ሳላውቀው አናቴን እያከክሁ ልጄ ከውጭ ገባች። ነጠላዋን ከራሷ ስታወርደው ፀጉሯ የለም። ሙልጭ ብሏል። ፋኖሱን ለቀቅሁት።

«ማን ሞቶ ነው? ወንድምሽ ነው? ንገሪኝ!»

ወንድሟ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ነበር።

«ኧረ እማዬ! ፎረፎር አስቸግሮኝ ነው። ምን ያስጮህሻል? ያድግ የለ!»

ያድግ የለ። ይችን ቃል አውቃታለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ በዚያ በክፉው ቀን። አገራችን መካነ ብርሃን አጠገብ ነው፣ ደጋ። ዝናቡ እምቢ ሲል አባቴ ከጎረቤታችን ጋር ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወረደ። እናቴን «እህል የሚታደልበት ቦታ ልጆቹን ይዘሽ ጠብቂኝ። ከዚያ እንዳትነቃነቂ፣ ስመለስ አልፌ እወስዳችኋለሁ» አላት። እናቴ፣ እኔና ጡት ያልጣለው ወንድሜ ጎንደርን አልፈን እህል ከሚታደልበት ጠዳ ደረስን። እሷ በየማታው የምዕራቡን መንገድ ታይ ነበር።

እዚያ የሚሰጠው ስንዴ ብቻ አልነበረም። ሐኪም ነበር፣ መርፌ ነበር፣ ለሕፃን ወተት ይበጠበጥ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ድንኳን ጥላ ሥር ፊደል ያስቆጥሩን ነበር። እኔም ይችን የምጽፋትን ያህል የቆጠርሁ እዚያው ነው። በዚህስ አላማቸውም። ግን አንዱም ነገር «ትፈልጊያለሽ ወይ?» ተብሎ አልተሰጠንም። እንደ ከብት ነበር የሚነዱን።

አንድ ጠዋት ተስቦ ገባ ተባለ። ቅማል ነው የሚያመጣው አሉና የሁሉንም ራስ ላምባ እየቀቡ በምላጭ ያወርዱት ጀመር። ፀጉሩን ከድንኳኑ ኋላ ሲያቃጥሉት ጠረኑ የምንበላው ንፍሮ ውስጥ ሳይቀር የገባ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ እምቢ አለች። ፀጉሯ ሹሩባ ሲሠራ ትከሻዋን ያልፍ ነበር።

«እኔ ባሌ በሕይወት ያለ ሴት ነኝ። ምን ሆኜ ነው የምላጭ? ሟርት ነው!»

እህል የሚያሳድለው ካድሬ ሳቀ። «ኋላ ቀር አስተሳሰብ! ያልተላጨ ስንዴ የለውም።»

ነጭ ካፖርት የለበሰችዋ ልጅ ደግሞ ምላጯን እያበሰች «ምን ያስለቅስሻል? ያድጋል እኮ» አለቻት።

እናቴ ወንድሜን አየችው። አንገቱ ቀጥኖ ራሱን መሸከም አቅቶት ነበር። ተቀመጠችላቸው።

ተስቦው ሰው ይገድል ነበር፣ አልክድም። ግን ሴት በእኛ አገር መቼ ነው የምትላጨው? ሰው ሲሞትባት አይደለም? እነሱም እኮ የዚሁ አገር ልጆች ነበሩ፤ እናቶቻቸው ለሐዘን ሲላጩ አይተዋል። ያውቁ ነበር! እያወቁ ነው ችላ ያሉት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ስንዴ ልንቀበል ተሰልፈን ሳለ፣ ከአባቴ ጋር የወረዱት ጎረቤታችን፣ አያ የምንላቸው፣ በአቧራው መሐል ሲመጡ አየሁ። «አያ መጡ! አያ መጡ!» ብዬ ዘለልሁ። አባቴ ከኋላቸው ይሆናል ብዬ አንገቴን አሰገግሁ። አያ ግን ከሩቅ እናቴን አይተው ቆሙ። የተላጨ ራሷን አዩት። ዱላቸውን ጣሉና እያለቀሱ መጡ።

«እግዜር ያጥናሽ እቴ! እኔስ እንዴት አድርጌ አረዳታለሁ እያልሁ ነበር መንገዱን የጨረስሁት። ለካ ሰምተሻል! ወባ ነው የጣለው፣ እጄ ላይ ነው ያለፈ።»

«ማን ነው አያ? ማን ነው ያለፈ?»

ያኔ ገባቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሚደግፍ እጅ ተዘጋጅቶ ነው። እናቴን ግን ጣሳ እንደያዘች ሰልፍ ላይ ደረሳት። ጮኸች። ፀጉሯን ልትነጭ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። የሚነጭ የለም። ጣቶቿ ባዶው አናቷ ላይ ሲንሸራተቱ አየሁ።

ካድሬው «ተራሽን ያዢ፣ አለዚያ ይዘለላል!» አለ።

ወንድሜ መብላት ነበረበት። እናቴ እያለቀሰች ጣሳዋን ዘረጋች፣ ሰፈሩላት። ይኼን ይቅር አልልም። ስሞትም አልል።

አገራችን ስንገባ እናቴ ፀጉሯን ቅቤ እየቀባች ታሳድግ ጀመር። ባሏ የሞተባት ሴት ቅቤ? የመንደሩ ሴቶች አሟት፤ «ሌላ ባል አሰኝቷት ነው» አሉ። እሷ መቀባቱን አልተወችም። ሹሩባ ለመሠራት ሲደርስ አንድ ማለዳ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀመጠችና ምላጭ ሰጠችኝ።

«ላጪኝ።»

«ምነው እማ? አሁን ገና ሸጋ ሲሆን?»

«ያኛውን ለስንዴ ነው የሰጠሁት። ይኼ የአባትሽ ነው።»

ላጨኋት። ገና ሳልጨርስ ሙሾዋን ጀመረች፣ የዚያን ቀን ያልተለቀሰውን ሁሉ። ያሟት ሴቶች ድምፁን ሰምተው አንድ በአንድ እየወጡ አብረዋት ተቀመጡ።

ልጄ የፋኖሱን ስባሪ እየጠረገች «ይኼን ያህል አስጠላሁሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ራሷን በሁለት እጄ ያዝሁት። እንደ ሕፃን ራስ ይሞቃል። ያች ምላጭ የያዘች ልጅ አልዋሸችም፣ ያድጋል።

«ወንድምሽ ጋ ደውይልኝ» አልኋት።

«አሁን? ሥራ ላይ ነው እኮ እማዬ።»

«ደውይልኝ። ምንም አልለውም። ድምፁን ብቻ ልስማው።»