ፍልስፍናም ሕግም የምትማረው ልጅ

«አቋራጭ አውቃለሁ ከሚልሽ ሰው ጋር መንገድ አትጀምሪ» ይለኝ ነበር አባቴ፣ ልጅ ሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ፌርፋክስ ጎዳና፣ የምሠራበት የሐበሻ ሱቅ ውስጥ፣ ፓልምስ ሰፈር የተከራየሁትን አፓርታማ ልቀቂ የሚል ደብዳቤ እንደደረሰኝ ለባለሱቋ ለእትዬ ሙሉ በሹክሹክታ ስነግራቸው፣ በርበሬ ልትገዛ የገባች አንዲት ወጣት ሰማችኝ።

«ሶሪ፣ ደብዳቤው መቼ ነው የደረሰሽ?»

ደብዳቤውን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። «ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«ተማሪ ነኝ። ፍልስፍናም ሕግም።»

«በአንዴ?»

«ፍልስፍናውን ሦስት ዓመት ተማርኩ። የሕጉ የመጀመሪያ ዓመት እንደ ፍልስፍናው አራተኛ ዓመት ይቆጠርልኛል። ሶ፣ የሰባት ዓመቱ በስድስት ያልቃል።»

እትዬ ሙሉ ሳቁ። «ልጄ፣ ሁለት ድስት የጣደች አንዱን ታሳርራለች!»

እኔ ግን አልሳቅኩም። ቤቱን ካጣሁ ሁለት ልጆቼን ይዤ የምገባበት የለኝም። ደግሞ «የመኖሪያ ወረቀትሽን እኔ እጨርስልሻለሁ» ብለው ገንዘብ ተቀብለው የጠፉ ስንቶችን አይቻለሁ። ልፈትናት ብዬ፣ «እሺ፣ ልውጣ ወይስ ልቆይ?» አልኳት።

«አላውቅም።»

«ታዲያ የምን የሕግ ተማሪ ነሽ?»

«ባውቅም መምከር አይፈቀድልኝም፤ ገና ጠበቃ አይደለሁም። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የሰው ጉዳይ በነጻ የምታይ ጠበቃ አለች። ነገ ልውሰድሽና እሷ ታንብበው። ለእኔ እንኳ አታሳዪኝ።»

እስከዛሬ ያገኘኋቸው አዋቂ ነን ባዮች ሁሉ «ለእኔ ተዪው» ነበር የሚሉኝ። አላውቅም ያለችኝ እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

ስሜን እስከ አያቴ ነገርኳትና ደብዳቤውን እጇ ላይ አኖርኩት።