ሲባጎውን የተሻገረ ወንበር

ቦንጋ ይሞቃል ስል የሚስቁብኝ አሉ። በተለይ ከቆላ አገር ተመድበው የመጡ አስተማሪዎች «እናንተ ሙቀት የት ታውቃላችሁ?» ይሉኛል። ይምጡና በየካቲት፣ ቀን በስምንት ሰዓት፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሥር ይቀመጡ። እናቴ የደም ግፊት አለባት። በጋ በመጣ ቁጥር እኩለ ቀን ላይ ከቤት ትወጣና ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ትተኛለች። የራሷ ቤት እያላት! ያ ነው ያናደደኝ።

የአሮጌውን ቤት ምሰሶ ምስጥ ጨርሶት ሌላ መሥራት ግድ ሲሆንብን፣ አዲሱን እኔ እነድፋለሁ አልኩ። መሐንዲስ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈተንኩ፣ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ሕንፃ ሥራ ላይ የሠራተኛ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆንኩ። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ስለማልችል ፎርማኑን እየተከተልኩ ፕላን ማንበብ ለመድኩ። የኛን ቤት በባለ ካሬ ደብተር ሳልኩት።

መንገዱ ከግቢያችን በስተምዕራብ ነው። የሰፈራችን ሰው ሁሉ በሩንና ትልቁን መስታወት ወደ መንገድ ያደርግና፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋን ሳሎን ውስጥ ያስተናግዳታል። እኔ ቤቱን አዞርኩት። ለመንገዱ ጠባቡን ጎን ሰጠሁት፤ መስኮት የሌለው፣ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ። በሩና መስኮቶቹ ወደ ግቢው፣ ትልቁ የዋንዛ ዛፋችን ወዳለበት። ንፋስ እንዲያልፍ መስኮት ትይዩ መስኮት። ጭቃው ከራሳችን መሬት ወጥቶ በጭድ የሚቦካ። ከኮርኒሱ በላይ ሙቀቱ የሚወጣበት ክፍተት። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ወደ በርሜል። ዋንዛው አይቆረጥም፤ እሱን የነካ እኔን ነካ።

አናጢያችን ሽማግሌ ናቸው። ደብተሬን ወዲያና ወዲህ አዙረው አዩት።

«ኢንጂነሯ፣ ይሄ ቤት ከመንገዱ ጋር ተጣልቷል እንዴ?»

«ከፀሐይ ጋር ነው የተጣላው፣ ጋሼ።»

«ሰው ኩራተኞች ናቸው ይላችኋል።»

«ይበል።»

እናቴ ደስ አላት። አባቴ «እሺ ልጄ፣ ጥሩ ነው» አለ። አባቴ ለሁሉም ነገር እሺ ነው። ጥርሱን ሲነቅሉትም እሺ ነበር ያለው።

እስከ ጡረታው ድረስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበር። እኔም በሱ በር ገብቼ ነው የተማርኩት፤ ሳረፍድ እንደማንም ውጭ ያቆመኝ ነበር። አሁን ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ከግቢ አይወጣም። ጠዋትም ከሰዓትም አሮጌው ቤት በር ላይ፣ ወንበሩ ላይ ነው።

መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ከአናጢው ጋር ካስማ ተክለን፣ ሲባጎ ወጥረን ቤቱን መሬት ላይ አወጣነው። እኔ ግን ፀሐይዋን መፈተን ፈለግኩ። የምዕራቡ ግድግዳ በሚቆምበት ቦታ ሁለት እንጨት አቁሜ አሮጌ ሸራ ሰቀልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቴን ከነወንበሩ አምጥቼ ከሸራው ጀርባ፣ ሳሎን በሚሆነው ቦታ አስቀመጥኩት።

«አባትሽን ከቦታ ቦታ ታዞሪዋለሽ እንዴ እንደ ጣውላ?» አለች እናቴ።

ጥላው የት እንደደረሰ በድንጋይ ምልክት አደረግኩና ውሃ ልጠጣ ገባሁ። ስመለስ ወንበሩ ሲባጎውን ተሻግሯል። አባቴ ከሸራው ወዲያ፣ ፀሐይ ላይ፣ በመዳፉ ዓይኑን ከልሎ ተቀምጧል።

«አባዬ! ግድግዳውን አልፈህ ወጣህ እኮ!»

«እ? አላየሁትም።»

መለስኩት። ደብተሬን ላመጣ ዞር ስል እንደገና ወጥቷል። ሦስተኛው ላይ የሄድኩ መስዬ ዋንዛው ጀርባ ቆምኩ። ትምህርት ቤት ተለቆ የልጆች ድምፅ ከመንገዱ መጣ። አባቴ አዳመጠ። ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። ወንበሩን በአንድ እጁ ጎተተ፣ ሲባጎው ጋ ሲደርስ እግሩን ከፍ አድርጎ፣ እንዳይነካው ተጠንቅቆ ተሻገረ።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ!» ልጆቹ በየተራ።

ድሮ ተማሪ የነበረ አንድ ጎልማሳ ሞተር ብስክሌቱን አቆመ። «አባባ፣ አዲሱ ቤት ይሄ ነው? ግድግዳው አልሳሳም?»

«ፕላኑን ልጄ ናት ያወጣችው» አለ አባቴ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ንፋስ እንደ ልብ ነው።»

ሰውየው ሲሄድ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑን?»

«መንገዱን ማየት እንደምትፈልግ።»

«ይሄ ቤት ሲያልቅ እናትሽ ቀን ቀን ቤቷ ውስጥ ጋደም ትላለች» አለ። «እኔ እለምደዋለሁ።»

ደብተሬን ገለጥኩት። ንፋሱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ቀስት ሠርቻለሁ። አባቴ ተቀምጦ ወዴት እንደሚያይ አንድ ቀስት የለም። አፈርኩ። ማፈር ደግሞ አልወድም።

በማግስቱ ለአናጢው ግድግዳው እንዳለ እንደሚቀር፣ ጣሪያው ግን በመንገዱ በኩል ተስቦ ሰፊ በረንዳ እንደሚሆን ነገርኳቸው።

«ታረቃችሁ ማለት ነዋ» አሉ።

«ከመንገዱ ጋር ብቻ። ከፀሐይዋ ጋር ገና ነን።»

ጣሪያው እንደተመታ፣ ግድግዳው ገና ማገር ብቻ ሳለ፣ አባቴ ወንበሩን ይዞ ገባ፤ ማለቴ ወጣ። በረንዳው ላይ ሆኖ የማይጠራው መንገደኛ የለም። እናቴ ከግቢ ሆና «አሁን ደግሞ ማን ያስገባዋል?» ትላለች።

አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በፊቱ ሳልፍ እግሮቹን ወንበሩ ሥር ሰብስቦ አየሁት። ጉልበቱ እንደዚያ ሲታጠፍ ያመዋል። ወደ ታች ተመለከትኩ። ፀሐይዋ በጣሪያው ጫፍ ሥር ሾልካ ገብታ፣ እግሮቹ ሊያርፉ የሚገባቸው ቦታ ላይ ተንጋላለች።

«አባዬ፣ ፀሐይ ትነካሃለች?»

«ኧረ ጥሩ ነው።»

«እስቲ እግርህን ዘርጋ።»

«እሺ» አለ፤ አልዘረጋም።

ወደ ግቢው ጮህኩ። «ጋሼ! በረንዳው ላይ አንድ እርምጃ ይጨመርበት!»

«ኢንጂነሯ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ አልቋል እኮ!»

«ይነቀላል!»

አባቴ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ የሸሸጋቸውን እግሮቹን አንድ በአንድ አውጥቶ፣ ፀሐይዋ ውስጥ ዘረጋቸው።