ሽማግሌ የገባበት ቴአትር

የመሄጃዬ ዋዜማ ማታ እናቴ ሻንጣዬን ከፍታ ያን ወፍራም ጋቢዋን ጠቀጠቀችበት። «እማዬ፣ ጋምቤላ እኮ ነው የምሄደው!» ብላት፣ «ብትታመሚስ? በሰው አገር ማን ያለብስሻል?» አለች። ቴአትር ተምሬ ሥራ የተገኘልኝ እዚያ ነው፤ እሷን ያስፈራት ግን ብቻዬን መሆኔ ነበር። «እስከ ፋሲካ እታገሣለሁ። ጠያቂ ከሌለሽ ትመለሻለሽ» ብላ አስማለችኝ።

ምን ልበላችሁ፣ ደብረ ብርሃን ፀሐይ ስትወጣ ግድግዳ ተደግፈን እንሞቃለን፤ እዚህ ጋምቤላ ግን ግድግዳውን መንካትም አይቻል! የተከራየሁት አቶ ኦባንግ ግቢ ውስጥ በመደዳ ከተሠሩት ክፍሎች አንዱን ነው። ክፍል ከክፍል የሚለየው ስስ ችፑድ ብቻ።

«ጋሼ፣ ድምፅ አያሳልፍም?» አልኳቸው።

«ያሳልፋል እንጂ! ሁሉም ይሰማል» አሉ አከራዬ፣ መብራትና ውሃ አለው እንደማለት ኮራ ብለው።

የመጀመሪያውን ቴአትሬን ክፍሌ ውስጥ መለማመድ ጀመርን። ከተዋናዮቼ ኡጁሉ ባል፣ አሪየት ሚስት ሆኑ። ኡጁሉ «ውጪልኝ ከቤቴ!» ብሎ ገና ከመጮሁ በሩ ተበረገደ። አቶ ኦባንግ ጎረቤቱን አስከትለው ገቡ።

«ኡጁሉ፣ ቁጭ በል። በደሏ ምንድነው?»

«ጋሼ፣ ቴአትር እኮ ነው!»

«ቴአትርም ቢሆን ሚስት አትባረርም።»

ኡጁሉዬም ይቅርታ ጠይቆ አረፈው! እኔ የጻፍኩት እኮ በፍቺ የሚያልቅ ነው። በማግሥቱም ታረቁ። ንድድ አልኩ።

የትርኢቱ ቀን የአዳራሹ ቆርቆሮ ግሎ ተመልካቹን እንደ ድንች ቀቀለው። ሰዉ ጥሎን ሲወጣ አቶ ኦባንግ፣ «ግቢ እንሂድ፣ ማንጎው ሥር ጥላ አለ» አሉ። በረንዳችን መድረክ ሆነ። «ውጪልኝ!» ሲባል ግን ተመልካቹ በሙሉ ለሽምግልና ተነሣ። ፍቺዬን ማን ይስማልኝ! ሰዉ ግን እየተሟገተ እስኪመሽ አልሄደም።

ፋሲካ ሲቃረብ እናቴ ደወለች። «ቃልሽ ቃል ነው፣ ተመለሺ።» በረንዳው ላይ እነ ኡጁሉ ይለማመዳሉ።

«ማነው ሴት ላይ የሚጮኸው? ስጪኝ እሱን!»

ስልኩን ሰጠሁት። «እሺ እማማ... አዎ እማማ... ሁለተኛ አይለምደኝም።»

ስልኩን ሲመልስልኝ፣ «ታርቀዋል» አለች እናቴ። «እዚያ ሁልጊዜ እንዲህ ሰው አለ?»

«ሁልጊዜ። ሳስነጥስ ከግድግዳው ወዲያ ይማርሽ ይሉኛል።»

ደብረ ብርሃን ያለው የእኛ ቤት ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ነው፤ የጎረቤት ድምፅ አይገባም። እዚያ ውስጥ አሁን እሷ ብቻዋን ናት። እስከዚያ ቀን አስቤውም አላውቅ።

«እንግዲያው ቅሪ» አለች። «ጋቢዬን ግን መልሺልኝ። እኔን የሚያለብሰኝ የለም።»