የቪንቼንዛ ግራ ዐይን

ፊሎሜና በናፖሊ፣ ለገና በየቤቱ ለሚደረደረው የቤተልሔም በረት የጭቃ ምስል ስትሠራ ነው ያረጀችው። በበረቱ ከሕፃኑና ከእረኞቹ ጎን ለሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ለዓሣ ሻጩም ለለማኙም፣ ቦታ አለው። ዘንድሮ እንቁላል ሻጯ ጎረቤቷ ቪንቼንዛ ተራዋ ደረሰ። “አደራሽን፣ አሳምሪኝ!” ብላ አስማለቻት።

የቪንቼንዛ የግራ ዐይን ቆብ ወደ ታች የወረደ ነው። ፊሎሜና እንደ ቃሏ አቃናችው፤ የጉንጯንም መጨማደድ አለሰለሰች። ምስሏን ከሱቋ ደጃፍ ስታቆማት መንገደኛው “እንዴት ታምራለች!” እያለ ያልፋል፤ የሚቆም ግን የለም። የቪንቼንዛ ባል እንኳ አየና፣ “ይቺ ደግሞ የማን ሙሽራ ናት?” አለ።

ከዚያ ወዲያ ፊሎሜና መቀመጥ አቃታት። ምስሏን እርጥብ ጨርቅ ታለብሳለች፤ ወዲያው መልሳ ትገልጣለች። እቶን ከገባች አትታረምም፤ ከታረመች ደግሞ የዕድሜ ልክ ጎረቤት ትቀየማለች። በመጨረሻ አውራ ጣቷን ውኃ ነከረችና የግራ ዐይኗን ቆብ ወደ ታች ሳበችው።

ቪንቼንዛ ወደ ሱቁ መጥታ ምስሏን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። “አንቺ ከሃዲ! እኔ እንዲህ ነኝ?”

ቪንቼንዛ ልትወጣ ዞረች፤ ከበሩ ተመልሳ ጎንበስ ብላ አየች።

“ይቺማ ‘እንቁላሌን አትነካኩ!’ ብላ ልትጮህብኝ ነው” አለች። “በይ ቅርጫቴን ከፊቴ አድርጊልኝ፤ ባዶ እጄን አልቆምም።”

ፊሎሜና ጎረቤቷ ሐሳቧን ሳትለውጥ የቅርጫቱን ጭቃ ለማቡካት ተጣደፈች።