የበር ቀለም የተቀባችው ጊታር

የልጄ የሐና ባል ፈቃደ ጭኑ ላይ ያጋደማትን ጊታር ሆዷን ከፍቶ የተበጠሰ ሽቦ ያያይዛል። ጣቶቹ ሲሠሩ ምላሱም አያርፍም፤ «እማዬ፣ ይህቺንስ አልሸጣትም» ይለኛል። እንዲህ ሲል ስንቴ ሰምቻለሁ! ኢሕአዴግ ሲገባ የቀበሌ ኪነት ቡድኖች ተበትነው፣ የኤሌክትሪክ ጊታሮቻቸው በየሰዉ ጓዳ ቀርተዋል። ፈቃደ በቡታጅራና በዙሪያዋ እየዞረ እነሱን ይገዛል፣ ይጠግናል። ከዚያ ከአዲስ አበባ አንድ ሙዚቀኛ ይመጣና «አቤት ስታምር!» ይላል፤ የፈቃደ ልብ ይቀልጣል፤ ጊታሯም ትሄዳለች። ሐና «ባሌ የሰው ጊታር ሞግዚት ነው» እያለች ታበሽቀዋለች።

አንድ የገበያ ቀን አብረን ጀማሉ ሱቅ ገባን። ከበርበሬው ጆንያ በላይ አንዲት ቀይ ጊታር ተሰቅላለች፤ የጀማሉ ወንድም ዓረብ አገር ሲሄድ የተዋት ናት። ፈቃደ አወረዳት። አንገቷን በአንድ ዓይኑ አነጣጥሮ አየ፤ ከክሮቹ ሥር ያሉትን ማግኔቶች በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ። ወዲያው ፊቱ ተኮሳተረ። ሲወድ ነው እንዲህ የሚሆነው።

«ጋሽ ጀማሉ፣ ይቺን ደግሞ ዶሮ ነው የጫራት?»

«የወንድሜን ዕቃ አትስደብ!»

«ቀለሟ እኮ ረግፏል። ይዣት ቸርች ብገባ ዘማሪዎቹ ይሸሹኛል።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ? መልሰህ ስቀላት።»

ሰቀላት። እኛ ዘንድ ገዢ የፈለገውን ያጣጥላል እንጂ አያሞግስም፤ አጣጥሎ ይሄድና በሚቀጥለው ገበያ ይመለሳል። ደጅ ስንወጣ ፈቃደ ጆሮዬ ሥር «እማዬ፣ ከፋብሪካ የወጣችበት ቀለም ነው! ሙዚቀኞቹ የሚሞቱት ለእሱ ነው። እንደገና የተቀባችን ዞር ብለውም አያዩም። ይህቺ ግን የራሴ ናት» አለኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ጀማሉ ከሩቅ እየሳቀ ጠበቀን።

«በል አሁን ተሳደብ!» ብሎ ጊታሯን አወጣት። አረንጓዴ ሆናለች። ከሱቁ በር የተረፈውን ቀለም አስቀብቷታል። «እንከን እንዳታወጣላት ሁለት ጊዜ አስደረብኩላት።»

ፈቃደ የበርበሬው ጆንያ ላይ ዘፍ አለ። ያን ቀለም የሰደበው ራሱ ነው። ካስነጠሰው በኋላ «እጅዎ ይባረክ» አለ።

«አሚን። እንግዲህ የቀለሙንም ጨምረህ ትከፍላለህ።»

ድምፅዋን የሚሰጧት ማግኔቶቹና አንገቷ ስላልተነኩ እያጉረመረመ ከፈለ። ማታ ሲመታት ሐና ልታዳምጥ ሥራዋን ትታ ከጓዳ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሙዚቀኞች አይተዋት ይስቃሉ፤ ሌላ ገዝተው ይሄዳሉ። እሷ ግን እሑድ እሑድ ከፈቃደ ጋር ቸርች ትሄዳለች። ባለፈው ሰሞን ብቻ አንዱ ሙዚቀኛ ፈቃደ ሲመታት ሰምቶ «ይህቺስ ድምፅዋ ልዩ ነው!» አለ። ፈቃደ ወዲያው «በል እስቲ ሞክራት» ብሎ ሊሰጠው እጁን ዘረጋ። ደግነቱ ሐና ሻይ ልቅዳ ብላ መሐላቸው ገባች።

ስለዚህ ጊታር ፍለጋ ቡታጅራ የምትመጡ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ አረንጓዴዋን ስትሰሙ ዝም በሉልኝ።