የብርማው ቡትስ ዚፕ

አባቴ «እርዳኝ ያለህን ሰው ልብሱን አትመርምር» ይል ነበር። እኔ አሜሪካ፣ ዴንተን ከተማ ውስጥ አንድ የሙዚቃ አዳራሽ አጸዳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የድሮ ፓንክ ሮክ ተጫዋቾች ሾው ነበራቸውና ከሰዓት መድረኩን ልጠርግ ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊቱን ነጭ፣ ከንፈሩን ቀይ ተቀብቷል። የተቀደደ ሸሚዙን በመርፌ ቁልፍ አያይዞ የሴት የላባ ኮት ደርቦበታል። እግሩ ላይ ባለ ረጅም ተረከዝ ብርማ ቡትስ አድርጓል።

«ወንድሜ፣ የግራው ዚፕ እምቢ አለኝ» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ማለቴ፣ እኔ የምንበረከከው ለጸሎት ብቻ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው እንዴት ልንበርከክ? ግን የአባቴ ቃል ትዝ አለኝና በስመ አብ ብዬ ተንበረከክሁ። የእግሩ ቅዝቃዜ በቡትሱ ቆዳ አልፎ ጣቴን ወጋኝ። ዚፑ ግን ሳያስቸግረኝ ተዘጋ።

«ተባረክ» አለኝ።

መጥረጊያዬን አንስቼ ቀና ስል ሰውየው የለም። ኮቱ ወንበሩ ላይ፣ ቡትሱ ከሥሩ እንደቆመ ነው። ወዲያው አንዲት ፀጉሯን አረንጓዴ የተቀባች አሮጊት ጊታሯን አንግታ ገባች። ቡትሱን አየችና ጎንበስ ብላ ዚፑን ነካችው።

«የሟች ባሌን ልብስ ለመታሰቢያው ጠዋት እዚህ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ይሄ ዚፕ ግን እሱ ከሞተ ጀምሮ እንደተሰበረ ነው። ማን ዘጋለት?»