ሦስት ፀሐይ በአንድ ደመና

ከአውቶቡሱ መስኮት ጥግ የተቀመጠው ጎልማሳ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል። ላፕቶፑ ላይ አፍጥጦ ብቻውን ይስቃል፣ በተቀመጠበት እስክስታም ይቃጣዋል። አጠገቡ ያሉት አሮጊት ቦርሳቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ምን አገኘህ ልጄ?»

«ሦስት ፀሐይ ደመና ውስጥ ተበታትነውብኝ ነበር እማማ፤ ዛሬ አንድ ሆኑልኝ!»

«ይሄስ ለይቶለታል» አሉ በሆዳቸው።

ጥርጣሬያቸው ገብቶት አስረዳቸው። የኢንሹራንስ ዳታ አርክቴክት ነው፤ የደንበኞችን መረጃ ደመና ወደሚሉት የኮምፒውተር ማከማቻ ያዛውራል። አንዲትን ሴት አንዱ ሠራተኛ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሌላው ደግሞ «ፀሀይ» ብሎ ስለመዘገባቸው ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው አድርጓቸው፣ የዓይን ቀዶ ጥገናቸውን ክፍያ «አላውቃቸውም፣ አልፈቅድም» ብሎ ድርቅ ብሎ ነበር።

«ታዲያ ለሰው ሴትዮ ይሄ ሁሉ ፈንጠዝያ?» አሉ አሮጊቷ።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ሰውዬው ብድግ ሲል ጭንቅላቱን ከጣሪያው አጋጨ፤ መጋጨቱን ግን ልብም አላለው።

«እማዬ! የዓይንሽ ሕክምና ተፈቀደ! ከእንግዲህ አንድ ብቻ ነሽ!»

ከስልኩ የወጣው ድምፅ አውቶቡሱን ሞላው።

«አንተ ልጅ! ድሮስ ስንት እናት ነበረህ?»